ቀይዋ የትኛዋ ናት?

ጥቅምት 12

ወንድም ጋሼ፣

ነገሩ የተበላሸው አለቃው «ይህን ማን አሳለፈው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንተ እዚያ ሩቅ ከተማ ካለው ቢሮህ በስክሪን እያየኸን፣ መነጽርህን አውልቀህ ወለወልክና «ሞካሪዋ ተስማምታ ነው ያለፈው» ያልክ ጊዜ ነው። «እህቴ» አላልክም። «ሞካሪዋ» አልክ። አንተ የምትሠራውን የምሞክረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ጠረጴዛውን ከብቦ የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ።

ደህና ነሽ ወይ ብለሃል፤ ደህና ነኝ። እማዬም ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው፣ በስልክ ስታወራ ድምፅህን ታለሰልሳለህ፣ እኔም ቶሎ እረታለሁ። በጽሑፍ ግን እኔ እሻልሃለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ እንነጋገር።

የሶፍትዌራችንን የቀለም ሰሌዳ እንደገና የሠራኸው አንተ ነህ። እያንዳንዱ ቀለም አጠገብ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች፤ አረንጓዴ ከሆነች ቀለሙ ስክሪን ላይ እንደሚታየው ይታተማል፣ ቀይ ከሆነች ማተሚያው አይችለውም፣ ደብዝዞ ይወጣል ማለት ነው። ዲዛይነሯ በሥዕል የላከችልህን ሁለት ነጥቦች አምታተህ ቀዩን በአረንጓዴው ቦታ፣ አረንጓዴውን በቀዩ ቦታ ተከልክ። ሌላ ሰው ይህን ስህተት ልሥራ ብሎ ቢነሳ እንኳን አይሳካለትም። ለአንተ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ጭቃ ናቸው፤ ይህንን ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የምናውቀው አንተ፣ እማዬና እኔ ነን።

ሥራው እጄ እንደገባ ሪፖርት አደረግኩ። እንደ ወትሮዬም ለብቻህ «የሁለቱ ነጥቦች የቀለም ቁጥሮች ተቀያይረዋል፣ ማንም ሳያይ አስተካክል» ብዬ ጻፍኩልህ። የቡድን መሪ ሆነህ የተሾምክበት ሰሞን ስለነበር የእኔን መልእክት የምትከፍትበት ጊዜ አልነበረህም። ሪፖርቱን ግን ከፈትክ፣ ልዩነት አልታየህም፣ «ችግር የለውም» ብለህ ዘጋኸው። መልሼ ከፈትኩት። መልሰህ ዘጋኸውና «ሞካሪዋ የራሷን ስክሪን ታስተካክል» የሚል ጨመርክበት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቢሮ ስሜ «ስክሪን» ሆኗል፤ «ስክሪን መጣች፣ ብርሃኗን ቀንሱላት» ይሉኛል።

ደንቡን ታውቃለህ። ሁለቴ የተዘጋ ሪፖርት ዳግመኛ የሚከፈተው አለቃው ፊት ቀርቦ ነው፤ ሞካሪው ካላቀረበው እንደተስማማ ይቆጠራል። እኔ አላቀረብኩትም። ባቀርበው አለቃው «ይህን እንዴት ማየት አቃተህ?» ብሎ ይጠይቅሃል ብዬ ፈራሁልህ። ያ ዝምታዬ ነው አንተ «ተስማምታ» ያልከው።

የቀለም ፋብሪካው በእኛ ሶፍትዌር የናሙና መጽሐፉን ሠርቶ፣ አረንጓዴ ነጥብ እያየ አምኖ አሳተመ። የደም ቀለም ያለው የጡብ ቀለም ሆኖ ወጣ፤ የሰማዩም የአመድ። ሰው በዚያ መጽሐፍ መርጦ ቤቱን ቀባ። አሁን ፋብሪካው መሥሪያ ቤታችን ጥፋተኛ ብሎ የሚያስረክበውን ሰው ይፈልጋል።

እኔን ሊያስረክቡ ነው። «በቸልተኝነት አሳልፌያለሁ» የሚል ወረቀት ሰጥተውኛል። ከፈረምኩ በሰላም እሰናበታለሁ፤ ግን ቸልተኛ የተባለ ሞካሪን ማንም አይቀጥርም፣ የተማርኩት ሁሉ እዚያ ላይ ያበቃል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ለአለቃው «ነግራኛለች፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ» በለው። ምክንያቱን ጨምርበት አትጨምርበት፣ እሱን ለአንተ ትቻለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 19

ሚጣዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከአንቺ ቁጣ በቀር ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ እንደ ልጅነትሽ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ፊቴ የቆምሽ መሰለኝና ፈገግ አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ አዘንኩ። በዚያ ስብሰባ ላይ አፌ ያመጣልኝን ነው የተናገርኩት። ሰው ሁሉ ሲያፈጥብኝ ደነገጥኩ፤ አንቺ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ነሽ፣ ትችይዋለሽ አልኩ። ያወጡልሽንም ስም ሰምቻለሁ፤ ስለ ስክሪንሽ የጻፍኩት ለቀልድ ነበር፣ ቅር አይበልሽ።

ባለቤትህ ታውቃለች ወይ ብለሽ በመልእክት ለጠየቅሽኝ፣ አታውቅም። ስንጋባ የቤቱን መጋረጃ አንቺ በስልክ መርጠሽልኝ፣ እሷ እስከ ዛሬ «የባሌ ዓይን ለቀለም የተፈጠረ ነው» እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች። አሁን መውለጃዋ እየደረሰ ነው፤ እንኳን ይህን፣ በር ሲንኳኳም ትደነግጣለች።

እስቲ አስቢው። የንድፍ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን መሪ፣ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ማን ነው የማይስቅብኝ? ሹመቱ ይቅር፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ዳግመኛ ቀና ብዬ አልሄድም። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፤ አንድ ወረቀት ምን ያደርግሻል? ዓመት ሳይሞላው ይረሳል።

አባታችን ሲሞት እኔ ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ የተማርኩት፣ አንቺ ቀን ቀን እንድትማሪ ነው። ይህንን አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም፣ አሁንም አልናገርም።

ፈርሚውና ይለፍ። ከዚያ በኋላ እኔ አለሁልሽ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 25

ወንድም ጋሼ፣

የማትናገረውን ነገር በደንብ ሰምቼሃለሁ።

አዎ፣ አስተምረኸኛል። እኔም ፊደል ሳልለይ ጀምሬ ቀለም አንብቤልሃለሁ። ለሥዕል ክፍለ ጊዜ እርሳሶችህን በተራ የምደረድርልህ፣ ካልሲህን የማጣምርልህ፣ ቲማቲሙ በስሎ እንደሆነ የምነግርህ እኔ ነበርኩ። ቁጥር ላይ ማንም አይደርስብህምና ኮድህ ንጹህ ነው፤ ቁጥር የሌለበት ቦታ ሁሉ ግን እኔ አለሁበት። እዚህ መሥሪያ ቤት «እህቴ ናት፣ ጎበዝ ናት» ብለህ ስታስቀጥረኝ ለእኔ ያሰብክ መስሎኝ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። አሁን ሳስበው የካልሲውን ሥራ ነው በደመወዝ ያደረግክልኝ።

ለእማዬ መደወልህን ሳትነግረኝ ዐውቄዋለሁ። ትናንት ከሥራ ስገባ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ እስክሪብቶ አስቀምጣበት ጠበቀችኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ፈርሚና እንረፍ።»

«ሳላጠፋ?»

«ስለ ጥፋት ማን አወራ? ልጁ ሊወልድ ነው።»

«የምትወልደው ሚስቱ ናት፣ እማዬ።»

«ምላስሽን ሰብስቢ። አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ የምታስተዳድሪው የለሽ።»

«አንቺስ? የምትኖሪው እኔ ጋ አይደል እንዴ?»

ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። ሐኪሙ ድሮ «ከእናት ወገን ነው የሚወረሰው» ብሏት የለ፣ ያንን አነሳች። «ከእኔ ደም ነው ያገኘው፣ እኔ ነኝ የነሣሁት» አለች። እኔም ምን እንደገባብኝ አላውቅም፣ «እሱን ቀለም ነሣሽው፣ እኔንስ ምን ልትነሺኝ ነው?» አልኳት። ተነስታ ገባችና በሯን ዘጋች። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ያቀረበችው ለአንድ ሰው ነው።

አንዱን ልጅ አድናለሁ ብላ ሌላውን ስትሰጥ እስክሪብቶውን እንኳን ራሷ ናት ያቀረበችው። አንተ ደግሞ ዓይንህን በጨው አጥበህ «ይለፍ» ትለኛለህ።

ወረቀቱን አልፈርምም። ስብሰባ ተጠርቷል፤ አንተም ጥሪው ደርሶሃል። እስከዚያ ድረስ ለአለቃው ራስህ ንገረው። ካልነገርከው ሁለት ነጥቦች ስክሪኑ ላይ አስቀምጬ አንድ ጥያቄ እጠይቅሃለሁ። ይህ ዛቻ አይደለም፤ አስቀድሜ እያሳወቅኩህ ነው። አንተ እኔን ሳታሳውቀኝ ነው የሸጥከኝ።

እህትህ


ኅዳር 4

ለእህቴ፣

እንኳን ደስ አለሽ።

«ቀይዋ የትኛዋ ናት?» አልሽኝ። ድምፅሽ የሕፃናት አስተማሪ ድምፅ ነበር፤ እንደዚያ ረጋ ብለሽ ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅም። አለቃው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ይህ ምን ጥያቄ ነው?» አለሽ። «ቀላል ጥያቄ ነው፣ ይመልሰው» አልሽ። ከሁለት አንዱ ነው፣ ዕድሌን ልሞክር ብዬ «የግራዋ» አልኩ።

ክፍሉ ዝም ሲል የሳትኩ መሰለኝ። «ይቅርታ፣ የቀኟ ማለቴ ነው» አልኩ። ያንን ባላልኩት። አንቺም «ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው» ብለሽ ወረቀቶችሽን ሰበሰብሽ።

ሁለቱንም። አንዷን እንኳን ቀይ አድርገሽ ልትተዪልኝ አልቻልሽም?

ከጀርባዬ የነበሩት የራሴ ቡድን ልጆች ናቸው። አንዱ ሳቁን ለማፈን ሳል አስመሰለ። ስወጣ የሸሚዜን ቀለም ጠየቀኝ፤ «ምን ዓይነት ነው የለበስከው፣ አለቃ?» አለኝ፣ ሌሎቹ ፈነዱ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። መጋረጃውን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና «እሱንም እሷ ናት የመረጠችው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

እማዬ ከነገ ወዲያ እኔ ጋ ትመጣለች፤ ባለቤቴን የሚያግዛት ሰው ያስፈልጋል። ዕቃዋን እንዳትነኪባት። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።


ኅዳር 13

ወንድም ጋሼ፣

እህት የለኝም ብለህ ስታበቃ ጥያቄህን በእማዬ በኩል ላክህብኝ፤ «ለምን ሁለቱንም አረንጓዴ እንዳደረገቻቸው ጠይቂልኝ» አልካት አሉ። እሺ፣ ልመልስልህ። አንዷ ቀይ ብትሆን ኖሮ በግምት ልታገኛት ትችል ነበር። አንተ በግምት ታልፋለህ፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ እወጣለሁ። ለግምት ቦታ አልተውኩልህም። ስህተት ስፈልግ እንዲህ ነው የምፈልገው፤ ለዚህም ነው ጎበዝ ናት ብለህ ያስቀጠርከኝ።

ስለ እኔ አልጠየቅክም፤ ሳትጠይቅ ልንገርህ። ከስብሰባው በኋላ አለቃው ለብቻዬ ጠራኝ።

«ይህን ታውቂ ነበር?»

«ዐውቅ ነበር።»

«ለዓመታት?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«እንግዲያው ቸልተኛ አይደለሽም፣ ደብቀሻል ማለት ነው» አለኝና ወረቀቱን ከፊቴ ወስዶ ሌላ አመጣ። «ዐውቄ ደብቄያለሁ» ይላል፤ የባሰ ነው። ከሥሩ ያው የፊርማ ቦታ አለው። አልፈረምኩም። መታወቂያዬን ተቀብለው በጥበቃ አስወጡኝ፤ ጥበቃው «ስክሪን፣ ጠፋሽ እንዴ?» አለኝ። ደግ ሰው ስለሆነ ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው።

እማዬን አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋን ጭኜላት ወደ መስኮቱ ቀረብኩ። መጋረጃውን ሳበችብኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 21

ሚጣዬ፣

ያን ቀን የጻፍኩትን ቅደጂው። ንዴት ነው ያጻፈኝ። ለደብዳቤዎቼ መልስ ባትሰጪም ማንበብሽን ዐውቃለሁ።

ባለቤቴ በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት። እማዬ «አክስቷን ትመስላለች፣ ስታለቅስም ትከራከራለች» አለች። እኔም አንቺን አስቤ ሳቅሁ።

ሌላም ወሬ አለኝ፤ ሳይሽ ልነግርሽ ነበር የፈለግኩት። አላባረሩኝም። አለቃው እዚህ ድረስ መጥቶ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ አቅፎኝ፣ «ይህን ያህል ዘመን እንዴት ብቻህን ተሸከምከው?» አለ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ ሸሚዜን ጠይቆኝ የሳቀው ልጅ እንኳን አጨበጨበ። በድርጅቱ መጽሔት ላይ ፎቶዬ ወጥቷል። «ቀለም ሳይለይ ለቀለም የሚሠራው» ብለው ጽፈዋል። በሌሎች ከተሞችም እየጋበዙኝ ነው። ባለቤቴም መጽሔቱን ካየች ወዲህ ተመልሳ ማውራት ጀምራለች።

ሰሌዳውም ተለወጠ። ቀይዋ ነጥብ ሦስት ማዕዘን ሆናለች፣ አረንጓዴዋ ክብ፤ ቀለም የማይለይ ሰው በቅርጹ ይለያል። አምና አንቺ ይኸው ይሁን ብለሽ አቅርበሽ እንደነበር አልረሳሁትም። ያኔ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ለምን በዚህ ተቆረቆርክ ብለው እንዳይጠረጥሩኝ ፈርቼ ነው። አሁን ሰሌዳውን በእኔ ስም ነው የሚጠሩት። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ከጎኔ ተቀምጦ ቀለም የሚያነብልኝ ሰው ሊቀጥሩልኝ ወስነዋል፤ እውነተኛ የሥራ መደብ ነው፣ ወንበር አለው። «እህትህ ብትሆን ደስ ይለናል» ብለዋል። እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፣ እማዬም አለች፣ ልጅቷንም ታቅፊያለሽ። ያን ወረቀት ብቻ ፈርሚ፤ ለፋይሉ ያህል ነው፣ ከፋብሪካው ጋር ነገሩን የሚዘጉበት ነው። ማንም አያነበውም።

እማዬ «በላት፣ ይቅር ብያታለሁ» ብላለች።

ወንድምሽ


ጥር 6

ወንድም ጋሼ፣

ባለቤትህ እንኳን በሰላም ተገላገለች። ልጅቷን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ።

ሥራ አግኝተሻል ወይ ላልከው፣ አልነግርህም። አግኝቻለሁ ብልህ ደስ ይልህና የሠራኸው ይቀልልሃል። አላገኘሁም ብልህ ታዝንልኛለህ፣ ያም ይቀልልሃል። ሁለቱንም ከእኔ አታገኝም። በሌሎቹ ደብዳቤዎችህ «አሁንም ተናደሻል?» እያልክ ስትጠይቅ ከርመሃል፤ አዎ። ይቅርታም አልጠይቅህም። ሁለቱን አረንጓዴ ነጥቦች ሳስቀምጥ ምን እንደማደርግ በደንብ ዐውቅ ነበር፤ መልስህን ስትለውጥ ድምፅህ ሲሰነጠቅ ሰምቼ አልተጸጸትኩም። አንድ ቀን እጸጸት ይሆናል። ያን ቀን አልጽፍልህም።

መጽሔቱን አይቼዋለሁ፤ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ላከልኝ። ፎቶው ጥሩ ነው፣ ሸሚዙና ከረቫቱ ግን አይሄዱም። ባለቤትህ ልብስህን መምረጡን ገና አልለመደችውም መሰለኝ።

ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት፤ ብቻህን ተሸከምከው ይላል። እርሳስ የደረደረችልህ ልጅ የለችበትም። እኔ የደበቅኩት ጥፋት ሆነ፣ አንተ የደበቅከው ጀግንነት። አንድ ምስጢር ነው፣ በአንድ ቤት ያደግን ሁለት ሰዎች ያዝነው፣ አንዱን በጭብጨባ ሌላውን በጥበቃ ሸኙት። አለቃህ ይህ ካልታየው ችግሩ የዓይን አይደለም።

ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። እኔም ሳይታይብኝ ለልጅ የማወርስ ተሸካሚ ልሆን እችላለሁ አለኝ። እንግዲህ ወንድ ልጅ ወልጄ ቀለም ቢምታታበት፣ ትምህርት ቤት በገባ ቀን ለአስተማሪው በልጁ ፊት እነግረዋለሁ። የሚደብቅለት ሰው አላሳድግለትም። እማዬ ይህን ስትሰማ ታለቅስ ይሆናል፤ ይቅርታዋንም መልስላት። ለምን ይቅር እንዳለችኝ ካወቀች ራሷ ትጻፍልኝ፤ እጇ ደህና ነው።

አሁን ከእንግዲህ የማልቀበለውን ልንገርህና እንለያይ።

ወንበሩን አልቀበልም። ወረቀቱን፣ «ለፋይል ያህል» ተባለ «ለሰላም ያህል»፣ አልቀበልም፤ ማንም የማያነበው ከሆነ ያለ እኔ ፊርማ ይቀመጥ። ያስተማርከኝን ዕዳ አድርገህ ስታነሳብኝ ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ አልሰማህም፤ ከፍዬ ጨርሻለሁ። «ሚጣ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ሳልከፍት እመልሰዋለሁ፤ ለትልቅ ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ ጻፍልኝ፣ አነብልሃለሁ። አንተ ስታጠፋ እኔ የምሰናበትበትን፣ አንተ ስትፈራ እኔ ዝም የምልበትን ቤተሰብ ግን፣ እናቴም ብትጠራኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።